ሹፌርነት በደም ይወረሳል? ከደሴ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «16 ዓመቴ ነው። ደሴ ሆጤ ነው የምኖረው። አያቴ በኤንትሬ ፊያት አሰብ ሲመላለሱ ነው ያረጁት። አባቴ ዛሬም ጂቡቲ ተሳቢ ይነዳል። እኔ የእሽቅድምድም ሹፌር መሆን እፈልጋለሁ። የማያቸው ታዋቂዎች ሁሉ የሹፌር ልጆች ናቸው፤ ሰውም ‹በደማቸው ነው› ይላል። እኛም የሹፌር ዘር ነን። ዕድል አለኝ ወይ? አባቴን ስጠይቀው ‹አርፈህ ትምህርትህን ተማር› ብሎ ዘጋኝ።»

አብሽር ወንድሜ። በአንድ ቃል «አዎ» ወይም «አይ» ብልህ መዋሸት ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ናይሮቢ ውስጥ የራሊ መኪና በሚያዘጋጅ ጋራዥ ስምንት ዓመት የእግር ሥራ፣ ማለትም የመኪናውን የሥር ክፍል ጥገና፣ ሠርቻለሁ። አሁን ኮምቦልቻ ተመልሼ አይሱዙና ሚኒባስ እጠግናለሁ። የማውቀውን የማወራህ ከመኪናው ሥር ሆኜ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። ሁሉም የሹፌር ልጆች አይደሉም። የማይክል ሹማከር አባት ግንበኛ ነበሩ። የሉዊስ ሃሚልተን አባት ለልጃቸው ውድድር ሲሉ ሥራ ደራርበው የሠሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ተወዳዳሪ አልነበሩም። ሁለቱም ልጆች ሰባት ሰባት ጊዜ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ሆነዋል። ስለዚህ «ደሙ ከሌለህ አትችልም» የሚባለው ወሬ ነው። ያንተ ጥያቄ ግን የተገላቢጦሹ ነው፤ ደሙ ካለ ይበቃል ወይ?

ለዚህ ስለ አንድ ልጅ ልንገርህ። ካሌ ሮቫንፔራ ይባላል፤ ፊንላንዳዊ ነው። የሚታወቀው በፎርሙላ ዋን ሳይሆን በራሊ ነው። ራሊን የመረጥኩት ለወሎ ልጅ ከሞናኮው የፎርሙላ ዋን ውድድር ይልቅ እሱ ስለሚቀርብ ነው። ክብ ሜዳ የለውም። መንገዱ አቧራ፣ ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ገደል ነው። መኪኖቹ ተራ በተራ ይለቀቃሉ፤ እያንዳንዱ የሚሮጠው ከሰዓት ጋር ነው። ከሹፌሩ ጎን ደብተር ይዞ መንገዱን የሚያነብለት ሰው ይቀመጣል። ይህን ሰውዬ ያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የካሌ አባት ሃሪ ሮቫንፔራም የራሊ ሹፌር ነበሩ። ለትልልቅ ቡድኖች ነድተዋል፤ ከዓለም ራሊ ሻምፒዮና ውድድሮች ያሸነፉት ግን አንዱን ብቻ ነው፤ በፌብሩዋሪ 2001 ስዊድን ላይ፣ በፔዦ። ካሌ የተወለደው ኦክቶበር 1 ቀን 2000 ነው። አባቱ ዋንጫውን ሲያነሱ የአራት ወር ሕፃን ነበር ማለት ነው። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሞላው በተስተካከለች ቶዮታ ስታርሌት መንዳት ጀመረ። ትንሹ ልጅ መኪናዋን እያንሸራተተ ሲያጥፍ የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። እኛ በዚያ ዕድሜ ቸርኬ ነበር የምንነዳው።

አሁን ሒሳቡን አስላ። ካሌ የመጀመሪያውን የዓለም ራሊ ያሸነፈው በጁላይ 2021 ኢስቶኒያ ላይ፣ በ20 ዓመቱ ነው። በታሪክ በዕድሜ ትንሹ አሸናፊ ሆነ። ሰው ሁሉ «ገና ልጅ እኮ ነው!» አለ። በመሪ ዕድሜ ከቆጠርከው ግን ልጅ አልነበረም፤ 12 ዓመት ነድቷል። ደም የሚባለው ነገር ሲፈታ አብዛኛው ይህ ነው። አባትየው ያወረሱት ሰዓት ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። በር የሚከፍት ሰው ይፈልጋል። ካሌ 14 ዓመት አካባቢ ሲሆነው ፊንላንድ ውስጥ ለመወዳደር ዕድሜው አልደረሰም። ቤተሰቡ ወደ ላትቪያ አዞረው፤ እዚያ ይፈቀድ ነበር። ግን አንድ ችግር አለ። ራሊ የሚሮጠው በተዘጋ መንገድ ነው፤ ከአንዱ የተዘጋ መንገድ ወደ ሌላው የሚኬደው ግን በተራው ሕዝብ መንገድ ነው። እዚያ ላይ ትራፊክ አለ፤ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ምን አደረጉ መሰለህ? በተዘጋው መንገድ ላይ ልጁ እንደ እሳት ይነዳል። መስመሩ ሲያልቅ ይወርድና ጎኑ የነበረው ሰውዬ መሪውን ይዞ በቀስታ ያደርሰዋል። ያ ሰውዬ ሪስቶ ፒየቲላይነን ነው። በ2001 ስዊድን ላይ አባትየው ሲያሸንፉ ከጎናቸው ተቀምጦ ደብተር ያነበበላቸውም እሱ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። ልጁ የወረሰው የጎኑን ወንበር ጭምር ነው። በአውሮፓ መንገዶች ያረጀ ሰው ከ14 ዓመት ልጅ ጎን ተቀምጦ «እዚህ ቀድመህ ገባህ፤ እዚያ ዘገየህ» ይለዋል። ይህን ገንዘብ ብቻውን አይገዛውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ2016 የላትቪያ ሻምፒዮን፣ በ2019 የዓለም ራሊ ሁለተኛ እርከን ሻምፒዮን፣ በ2020 የቶዮታ ዋና ቡድን ሹፌር ሆነ። በ2022 ኒውዚላንድ ላይ የዓለም ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ፤ 22 ዓመት በሞላው ማግስት። በዕድሜ ትንሹ ሻምፒዮን የሚለውን ክብረ ወሰን የወሰደው ከኮሊን ማክሬይ ነው፤ ማክሬይ በ1995 ሲያሸንፍ 27 ዓመቱ ነበር። የሚገርመው ማክሬይም የራሊ ሹፌር ልጅ ነው፤ አባቱ ጂሚ አምስት ጊዜ የብሪታንያ ሻምፒዮን ነበሩ። ካሌ በ2023 ደገመው።

ግን ለአንተ የሚጠቅምህ ዋንጫው አይደለም። በ2021 ኬንያ ላይ የሆነውን ልንገርህ። ሳፋሪ ራሊ ከ2002 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ተመልሶ ናይቫሻ ላይ ተካሄደ። ናይቫሻ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ነው፤ ኮምቦልቻ ቁጭ ያልክ ያህል ነው። እዚያ እንደ ዱቄት የላመ አፈር አለ። አባትህ በአፋር በኩል ሲያልፍ የሚያውቀው ዓይነት፤ ከላይ መንገድ ይመስላል፣ ጎማው ሲገባ ወለል የለውም። በበረዶ ያደገው ካሌ እዚያ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። ለቀኑ አበቃለት። በማግስቱ ተመልሶ ስድስተኛ ወጣ። በ2022 ያው ልጅ በዚያው አፈር ላይ አሸነፈ፤ ቶዮታዎች ከአንድ እስከ አራት ተደርድረው ገቡ። የበረዶ ልጅ አቧራን ከአባቱ ሊወርስ አይችልም፤ ሰጥሞ ነው የተማረው።

የፎርሙላ ዋኑን ሻምፒዮን ማክስ ቬርስታፐንን ሳልጠቅስ ባልፍ እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ። የማክስ አባት ዮስ በፎርሙላ ዋን ከ100 ጊዜ በላይ ተሰልፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ሦስተኛ የወጡት፤ አንድም ጊዜ አላሸነፉም። እናቱ ሶፊ ኩምፐንም በካርት፣ ልጆች በሚጀምሩባት ትንሿ የውድድር መኪና፣ የታወቁ ተወዳዳሪ ነበሩ። ደም ከተባለ ግማሹ የእናት ነው፤ ይህን ግን ሰው ይረሳዋል። ማክስ በአራት ዓመት ተኩሉ ካርት ጀመረ። በ2015 ፎርሙላ ዋን ሲገባ 17 ዓመቱ ነበር። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፣ ግን አባቱን ጭኖ ሱቅ መሄድ አይችልም፤ መንጃ ፈቃድ የለውማ! ፈቃዱን ያወጣው 18 ሲሞላው ነው። ከእሱ በኋላ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ዝቅተኛውን ዕድሜ 18 አደረገው።

የዚያ ቤት አስተዳደግ ግን ማር ብቻ አልነበረም። በ2012 ጣሊያን ላይ ማክስ በችኮላ ለመቅደም ሲል ተጋጭቶ ትልቅ ውድድር አመለጠው። አባትየው ተናደው በመንገድ ላይ ነዳጅ ማደያ ጥለውት ሄዱ፤ በኋላ ነው ተመልሰው የወሰዱት። ይህን አንዳንዱ እንደ ጀግንነት ያወራዋል። እኔ ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ አልወደውም። «አርፈህ ተማር» የሚል አባት ነዳጅ ማደያ ላይ ጥሎ ከሚሄድ አባት ይሻላል ባይ ነኝ።

ስምም ሸክም ነው። የማይክል ሹማከር ልጅ ሚክ ካርት ሲነዳ በእናቱ የቤተሰብ ስም «ሚክ ቤትሽ» እየተባለ ነበር የሚመዘገበው፤ ሰው እንዳይከበው። በ2020 ከፎርሙላ ዋን አንድ እርከን ዝቅ ያለው የፎርሙላ ቱ ሻምፒዮን ሆነ። ፎርሙላ ዋን ላይ ግን በሁለት ዓመት 12 ነጥብ ብቻ ሰብስቦ ወንበሩን አጣ። አባቱ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ነበር! ደም ቢበቃ ኖሮ ለሚክ ይበቃው ነበር።

ዴሞን ሂል ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። አባቱ ግርሃም በ1962 እና በ1968 ሻምፒዮን ነበሩ። በ1975 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞቱ ልጁ 15 ዓመቱ ነበር፤ ቤተሰቡም ዕዳ ውስጥ ገባ። ዴሞን የቀን ሥራ ሠርቷል፤ በሞተር ሳይክል ዕቃ አድርሷል። ፎርሙላ ዋን የገባው በ31 ዓመቱ ነው፤ ሻምፒዮን የሆነው በ36። 16 ዓመት ሲሞላህ «አለፈብኝ» ብለህ ከሆነ ይህን ሰውዬ አስታውስ።

አሁን ወደ ሆጤ እንመለስ። አባትህና አያትህ ምን አወረሱህ?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ሐረጎን፣ ታውቀዋለህ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ 2,500 ገደማ። ጭነቱን ጨምሮ 20 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ፍሬንና ሞተር ተጋግዘው መዋጥ ያለባቸው ኃይል ወደ 350 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። አንድ በርሜል ከሦስት ሩብ መሆኑ ነው። ይህ ሙቀት ሁሉ ፍሬኑ ላይ ብቻ ከወደቀ የፍሬኑ ሸራ ይቃጠላል፤ ታምቡሮው ይግላል፤ ፔዳሉን ብትረግጠው መኪናው አይሰማህም። ስለዚህ ጥሩ ሹፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባል። ሞተሩ ይይዝለታል።

ልጅ ሆኜ ረዳት ሳለሁ አንድ ሹፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሐረጎን በፎሌ፣ ከማርሽ አውጥቶ፣ ወረደ። ግማሽ ላይ የሸራ ሽታ ጋቢና ውስጥ ገባ። እኔ ጎማ ሥር የሚወሸቀውን ታኮ ታቅፌ በሩን ከፍቼ ቆምኩ፤ ልዝለል አልዝለል እያልኩ። ሰውዬው በተራራው በኩል ወዳለው የውሃ ቦይ አስገብቶ፣ ጎኑን ከድንጋዩ ጋር እያፋተገ አቆመው። ማንም አልተጎዳም። ወርዶ ሲጋራ ሊለኩስ ሲል ክብሪቱ ከእጁ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሸራ ሽታ ከሩቅ ይሸተኛል። ናይሮቢ ላይ አንድ ውድድር መሀል ከመኪናው በፊት ሽታው ደርሶኝ ፍሬኑን አስፈትሻለሁ። ሐረጎ ነው ያስተማረኝ።

ያንተ ቤት ይህ አለው። መኪናን መስማት፣ ጭነት ወዴት እንደሚያዘነብል ማወቅ፣ ከኩርባ በፊት መዘጋጀት፣ 10 ሰዓት ሳይቀዣበሩ መቀመጥ። ትልቅ ነገር ነው። ግን እውነቱን ልንገርህ። የአባትህ ሥራ ጎማው መንሸራተት እንዳይጀምር ማድረግ ነው። የራሊ ሹፌር ሥራ የሚጀምረው ጎማው መንሸራተት ሲጀምር ነው። ሁለቱም መሪ ይይዛሉ፤ ሙያው ግን የተለያየ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሐረጎ ላይ እለማመዳለሁ ካልክ የእኔን ምላሽ እዚህ ጋ ዝጋው። እዚያ መንገድ ላይ ገበያ የሚሄዱ እናቶች አሉ፤ አህያ አለ፤ ባጃጅ አለ።

ገንዘቡንም አልደብቅህም። ይህ ስፖርት ገንዘብ ይበላል። ፈረንሳዊው ኤስቴባን ኦኮን የመካኒክ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ቤታቸውን ሸጠው እየተጎተተች በምትሄድ ተሳቢ ቤት ውስጥ ኖረዋል። በ2021 ሃንጋሪ ላይ ፎርሙላ ዋን አሸነፈ። ደስ ይላል። ግን ቤት ሸጠው ልጃቸው የትም ያልደረሰላቸው ወላጆችን ታሪክ ማንም አይነግርህም። አባትህን የተሳቢውን ጎማ ዋጋ ጠይቀው፤ ከዚያ አንድ የራሊ መኪና በአንድ ቅዳሜና እሁድ ስንት ጎማ እንደሚጨርስ አስብ።

ታዲያ በራችን የት ነው? ለእኔ ኬንያ ነው። ሳፋሪ የተጀመረው በ1953 ነው። ጆጊንደር ሲንግ በ1965፣ በ1974 እና በ1976 አሸንፎታል፤ በመጀመሪያው ድል ከጎኑ ደብተር የያዘው ወንድሙ ጃስዋንት ነበር። ዛሬ ደግሞ ማክሬይ ኪማቲ የሚባል ልጅ አለ። አባቱ ፊኒያስ ኪማቲ የራሊ ሹፌር ነበሩ፤ ኮሊን ማክሬይን ከመውደዳቸው የተነሳ ልጃቸውን በእሱ ስም ጠሩት። ልጁ በ2022 ስዊድን ሄዶ በረዶ ላይ ተወዳድሮ ጨርሶ ገባ። ፊንላንዳዊው እኛ አቧራ ውስጥ ሲሰጥም፣ ኬንያዊው እነሱ በረዶ ላይ ጨረሰ። ይህቺን ለአባትህ ንገረው፤ ይስቃል።

እና ምን ታደርግ? ደሴ ላይ የካርት ሜዳ የለም። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሁለት ዓመት ይቀርሃል። ስለዚህ ቅድም «ያዝልኝ» ወዳልኩህ ሰውዬ እንመለስ፤ ከሹፌሩ ጎን ወደሚቀመጠው። እዚህ ስፖርት ውስጥ ያለ ብዙ ገንዘብ መግባት የሚቻልባቸው በሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የእኔ ነው፤ መፍቻ። ሁለተኛው ደብተር ነው። ደብተሩን የሚይዝ ሰው የመኪና ባለቤት መሆን የለበትም። መንገድ በደንብ የሚያይ፣ ድምፁ የማይንቀጠቀጥ፣ በሰዓት የማይቀልድ ሰው ከሆነ ይፈለጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከውድድሩ በፊት ሹፌሩና እሱ መንገዱን ሁለት ጊዜ ብቻ በቀስታ ያዩታል። ሹፌሩ ይናገራል፤ እሱ ይጽፋል። ብዙዎቹ ኩርባን ከ1 እስከ 6 ይቆጥራሉ፤ 1 መኪናው ዞሮ ራሱን የሚያይበት ጥምዝ ነው፣ 6 ቀጥ ለማለት ትንሽ የቀረው። በመሀል ያለው ርቀት በሜትር ይጻፋል። «ቀኝ 2፣ ይጠባል። 60። ግራ 4፣ ድልድይ። 100። ቀኝ 1፣ ውስጡ ድንጋይ አለ፣ አትቁረጥ።» በውድድሩ ቀን ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን ኩርባ ሲያጥፍ፣ እሱ የሚቀጥለውን እያነበበ ነው።

አንተም ጀምር። አባትህ ከጂቡቲ ሲመለስ፣ ኮምቦልቻ እስከሚያራግፍ ሄደህ አግኘውና ወደ ደሴ ሲወጣ ጋቢና ተቀመጥ። እሱ ካልተመቸው በሚኒባስ፣ ከሹፌሩ ጎን። እርሳስና ባለ ሽቦ ደብተር ያዝ፤ እስክርቢቶ በዚያ ንቅንቅ ይተውሃል። መጀመሪያ ጻፍ። በሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ ከእያንዳንዱ ኩርባ በፊት አንብብ፤ ጮክ ብለህ። ትሳሳታለህ። ገጽ ይጠፋብሃል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሆድህ ይገለበጣል፤ ሁሉንም አግኝቷቸዋል፤ ሎሚ ያዝ። ተሳቢው በሰዓት 30 ሲወጣ 60 ሜትር ሰባት ሰከንድ ይሰጥሃል። ራሊ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር ያው 60 ሜትር ሁለት ሰከንድ ነው። በሰባቱ ካልቻልክ ሁለቱን አትመኛቸው።

አባትህን ደግሞ እንደገና ጠይቀው፤ ግን «እሽቅድምድም» አትበለው። «ይህቺን ኩርባ በስንት ማርሽ ነው የምትገባት? ለምን?» በለው። ሹፌር ስለ ማርሽ ሲጠየቅ ዝም አይልም፤ ከኤንትሬ ዘመን ጀምሮ ይተርክልሃል። ትምህርቱን በተመለከተ ግን እሱ ልክ ነው። ናይሮቢ ላይ ደብተሩ የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደካማ ስለነበረ ሦስት ዓመት ሙሉ ከመኪና ሥር አልወጣሁም። የፊዚክስ አስተማሪህንም ያንን የ350 ሊትር ውሃ ሒሳብ አሠራኝ በለው።

የሐረጎን ደብተር ስትጨርስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ከታች ወደ ላይ የጻፍከውን ነው የምፈልገው። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ የትኛው ኩርባ ላይ እንደተሳሳትክ እነግርሃለሁ።